ጥቁር ጥቁሩን ብቻ

ረድኤትዬ፣

አስቀድሜ ስለ እጅ ጽሑፌ ይቅርታ አድርጊልኝ። መስመሩን ይዤ መሄድ አይሆንልኝም፤ የትኛው «ሀ» የት እንደሚገባም እስካሁን በግምት ነው የምጽፈው። ስምንተኛን እንደምንም ጨርሼ እንዳቆምኩ ታውቂያለሽ።

እሁድ ዕለት ደረጃው ላይ ተቀምጠሽ «አዲሱ አስተማሪ አጨዋወትሽ ልክ አይደለም አለኝ። ልክ የምትጫወተው ያቺ ኖታ የምታነበው ልጅ ናት አለ። ፒያኖውን ልተወው እንዴ?» ስትይኝ ዝም ያልኩሽ ንቄሽ አይደለም። ሰው ፊት አፌ ይተሳሰራል። ወረቀት ላይ ይሻለኛልና ይህን አንብቢልኝ።

አንድ የፒያኖ አስተማሪ ነበረ። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ነው። በእሱ ትምህርት ቤት ሁሉም ጀርባውን አቅንቶ ይቀመጣል፤ ጣቱን እንቁላል እንደያዘ ሰው አጉብጦ፣ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሎ ይጫወታል። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ድምፅ በዚያ ቤት አይሰማም ነበር።

በዚያው ቤት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ጠዋት ወለሉን ትወለውላለች፤ ከዚያ የፒያኖውን ቁልፎች በለስላሳ ጨርቅ አንድ በአንድ ትጠርጋለች። ነጮቹ ቁልፎች የጣት አሻራ ቶሎ እንደሚይዙ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ፓስቲ በልተው ሳይታጠቡ የሚነኩ ተማሪዎችን በሆዷ ስትረግም ትውላለች።

ተማሪዎቹ ለምሳ ሲወጡ አዳራሹ ባዶ ይሆናል። ያቺ አንድ ሰዓት የእሷ ነበረች። ክዳኑን ቀስ ብላ ከፍታ በአንድ ጣት፣ በኋላም በሦስት ጣት ትነካካለች። ነጮቹን ግን አትነካም። እጇ በበረኪና የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ያቆሸሸቻቸው እንደሆን ከሥራ የሚያስወጧት ይመስላታል። ስለዚህ ጥቁር ጥቁሩን ብቻ። ከጥቁሮቹም ውስጥ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታንጎራጉረው ትዝታ ወጣላት! ሌላ ዜማ ብትሞክርም ትዝታ ትዝታ ይላል። እንዴት እንደሆነ ስላላወቀች፣ ነጮቹን ፈረንጅ ሠርቷቸው ጥቁሮቹን በኋላ የአገራችን ሰው የጨመራቸው መሰላት።

አንድ ቀን አስተማሪው መነጽሩን ረስቶ ተመለሰና በር ላይ ቆሞ ሰማት። ስታየው ደንግጣ ተነሳች።

«ማነው ያስተማረሽ?» አላት።

«ማንም። ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ ነጩን አልነካሁም! ይዩት፣ ንጹሕ ነው።»

«ነጩን ለምን ተውሽው?»

«ይቆሽሻላ!»

ሰውዬው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያም ውለታ የዋለላት መስሎት «ከነገ ጀምሮ እኔ አስተምርሻለሁ» አላት።

አስተማራትም። እሷም ታዛዥ ናት። ጣቷን አጎበጠች፣ ጀርባዋን አቀናች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ቆጠረች። በሁለት ወር ውስጥ አንድ የልጆች መዝሙር ሳትሳሳት ጨረሰች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ብቻዋን ስትሆን ግን ትዝታዋን ፈለገች፤ አጣችው። ጥቁሮቹ እዚያው ናቸው፤ ድምፁም ያው ነው፤ ዘፈኑ ግን የለም። ክዳኑን ዘጋችና ከዚያ ወዲያ ጨርቋን ይዛ ከመጥረግ በቀር አልነካችውም።

ሰውዬው የምሳ ሰዓቱ ዝም ማለቱ ገረመው።

«ምነው ተውሽው?»

«ጋሼ፣ ጣቶቼ አይሰሙኝም። እኔ ስዘፍን እነሱ ይቆጥራሉ።»

ሰውዬው ይህን ነገር ይዞ ሄደ። ለብዙ ቀን ሲያስብ ሰነበተ።

የዓመቱ መዝጊያ ዕለት አዳራሹ በወላጅ ተሞላ። ተማሪዎቹ ተራ በተራ ተጫውተው ሲጨርሱ አስተማሪው ሴትዮዋን ጠራት። ሰማያዊ ጋወኗን እንደለበሰች መጥታ ተቀመጠች። አንድ ቁልፍ ነክታ እጇ ቆመ። ከኋላ አንድ ሰው «ልትወለውለው ነው እንዴ?» አለ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ልትሄድ ተነሳች።

ያኔ ሰውዬው መጥቶ ወንበሩ ላይ ከጎኗ ተቀመጠ። የኖታ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሁለት እጁን ጥቁሮቹ ላይ ብቻ አሳረፈ። ትዝታን ጀመረ። ጀመረ እንጂ እንደ ወታደር ሰልፍ ነበር። ሴትዮዋ እንደቆመች ትንሽ ታገሠች፤ አላስቻላትም።

«አይ ጋሼ!» ብላ እጁን ቸብ አደረገችው። «ምን ያስቸኩልዎታል? ሰው እየሸኙ እኮ ነው። ሰው ሲሸኝ ይሮጣል?»

«እሺ፣ እንዴት ነው? አሳዪኝ» አላት፤ ወንበሩ ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

ተቀመጠችና አሳየችው። እጇም አልቆጠረም። እሱ ቀስ ብሎ ከታች በወፍራሙ ድምፅ፣ ነጩንም ጥቁሩንም እየነካ፣ የተማረውን ሁሉ እንደ ምንጣፍ አነጠፈላት። እሷ በላዩ ሄደችበት። ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው የለም።

ረድኤትዬ፣ አስተማሪሽ እንደዚያ ሰው ነው። የያዘው ነገር እውነት ነውና ኖታውን ተማሪለት። አንቺ ግን እንደዚያች ሴት ነሽ። በጆሮሽ ያገኘሽውን ማንም ስላላስተማረሽ ብቻ ስሕተት አይባልም። ጣትሽን ሲያስተካክልልሽ እሺ በይው፤ ብቻሽን ስትሆኚ ደግሞ እንዳይጠፋብሽ የራስሽን ተጫወቺው። ያቺ ኖታ የምታነበውም ልጅ ጠላትሽ አይደለችም። አንድ ቀን አንድ ወንበር ላይ አብራችሁ ተቀመጡና ሞክሩት። ልተወው እንዴ ላልሽኝ፣ የእኔ መልስ ይኸው ነው።

ይህን ታሪክ ከየት አመጣሽው እንደምትይኝ አውቃለሁ። ሴትዮዋ እናቴ ናት። በዚያን ቀን ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። «ልትወለውለው ነው እንዴ?» የተባለ ጊዜ አጠገቤ የነበሩት ልጆች ሳቁ። ልጇ መሆኔ እንዳይታወቅብኝ ፈራሁ። ወደ ቤት ስንሄድ «ሰማሽኝ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ «ደስ ይላል» አልኳት፤ ክንዴን ይዛ መንገዱን ሙሉ ስታንጎራጉር ሄደች። እኔም ያኔ ከልጆቹ ጋር አብሬ ስቄ ነበር። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለእሷም።