የተመለሰችው ዓሣ

ተረት ተረት ካላችሁኝ የውሃ በረት እላለሁ።

ግድብ በዋጠው ጫካ ውስጥ አንዲት ትልቅ ዓሣ በሰመጠ ዋርካ ሥር ልጆቿን ትጠብቅ ነበር። የሚያብለጨልጭ ነገር ቢጠጋቸው ልታባርረው ነከሰችው፤ ለካ መንጠቆ ኖሯል፣ ጎትቶ ጀልባ ላይ አወጣት። ለመዝናናት የወጣው ዓሣ አጥማጅ በስንዝር ለካት፣ ግንባሯን ሳማትና፣ «ሂጂ እሜቴ፣ ምንም አልነካሁሽም» ብሎ ወደ ውሃው መለሳት።

ግራ ገብቷት ዋርካውን፣ «አባባ፣ ላይበላኝ ለምን አወጣኝ?» አለችው።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ፤ እኔንም ሳይቆርጡ ነው ያሰመጡኝ።»

«ልጆቼስ?»

«ዓሣ በሊታው አምባዛ መጥቶ እናታቸው አለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። መዋሸት አልወድም፤ የለችም አልኩት።»

ዓሣዋ ባዶውን ሥር ዞረች፤ ደግማ ዞረች። «ምንም አልነካሁሽም ብሎኝ ነበር እኮ» አለች።

ተረቴን መልሱ፤ ልጆቿን ያየም ይመልስላት።