ገራም ንብ ብቻ ያስቀረ ሰው

አንድ ንብ አናቢ አርባ ቀፎ ንቡን በአንድ በጋ አጣ። የሰረቀው ሰው የለም፤ ድርቅም አልነበረም። ያጠፋቸው በገዛ እጁ ነው።

ስሙ ጫኔ ይባላል። ከደን ጥግ አንዲት ጠባብ ግቢ ነበረችው። ወደዚያ መንደር የመጣው በአሥራ ሁለት ዓመቱ፣ የአራት ዓመት ወንድሙን አዝሎ ነው። እናታቸው መንገድ ላይ ቀርታለች። የመንደሩ ሰው ማደሪያ ሰጣቸው፤ ከዚያ በላይ የሰጣቸው ነገር አልነበረም። ጫኔ ለሰው ውሃ ቀዳ፣ እንጨት ፈለጠ፣ የሰው ቀፎ ተሸክሞ ዛፍ ላይ ወጣ። ያገኛትን ቆሎ መጀመሪያ ለወንድሙ ይሰጣል፤ ከተረፈች ይቅማታል። ስለዚያ ዘመን ሲጠየቅ «አልፏል» ይላል። ሌላ አይጨምርም።

ወንድሙ ልየው አደገ፤ ባለ እጅ ሆነ። ከቀርከሃ የሚሠራው ቀፎ ዝናብ አያስገባም። ነገር ግን ፍርሃት ነበረበት። በሩን ዘግቶ ይሄድና ተመልሶ ያየዋል። ምድጃው መጥፋቱን በእጁ ዳብሶ ካላረጋገጠ አይቀመጥም፤ አረጋግጦም አይቀመጥም። ገበያ መሃል ልቡ መምታት ይጀምራል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ የያዘውን ጥሎ ወደ ቤት ይሮጣል። አንዳንዴ ደግሞ ሦስት አራት ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ እህል አይቀምስም። አንድ ጊዜ ጫኔ ምን እንደሚሰማው ጠየቀው።

«አያ፣ አንድ ነገር እየመጣ ይመስለኛል» አለ ልየው። «እንደማይመጣ አውቃለሁ። ማወቄ ግን አያሳርፈኝም።»

ጫኔ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወጣ። መንደሩ ግን መልስ አላጣም። ልክፍት ነው ያለም አለ፤ እርግማን ነው ያለም አለ።

ጫኔ ከዓመታት በኋላ የራሱን ቀፎዎች ሰቀለ። መጀመሪያ ንቦቹ እንደማንኛውም ሰው ንብ ነበሩ፤ ከፊሉ ገራም፣ ከፊሉ ቁጡ። አንድ ቀን ከቁጡዎቹ አንዱ ቀፎ ተነሥቶ የመንገደኛ በቅሎ ነድፎ ገደለ። ጫኔ አፈረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለራሱ ደንብ አወጣ። ማር ሲቆርጥ የነደፈውን ቀፎ ምልክት ያደርግበታል፤ በሳምንቱ አፉን ደፍኖ በድኝ ጭስ ይፈጀዋል። በቦታው ከገራሞቹ ቀፎዎች የወጣ መንጋ ያስገባል። በዓመቱም፣ በዓመቱም እንዲሁ አደረገ። በሦስተኛው ዓመት አርባውም ቀፎ ገራም ሆነ።

ነገሩ ለአገሩ ጉድ ነበር። ጫኔ ጭስ ሳይዝ፣ ፊቱን ሳይሸፍን፣ በባዶ እጁ ማር ይቆርጣል። ሕፃናት ቀፎ ሥር ይጫወታሉ። «የጫኔን ንብ ብትረግጣት ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ናት» ይሉ ጀመር። ሰው ስሙን አንሥቶ በደስታ ሲስቅ ሲሰማ ለጫኔ የመጀመሪያው ነበር። ወደደው።

ከሚያደንቁት አንዱ ሙጬ የሚባሉ ባለ ብዙ በሬ ገበሬ ነበሩ። እንጉዳይ የምትባል ልጅ አለቻቸው። ጫኔ ወንዝ መውረጃው ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ዐይኑን ሳያነሣ ሰላም ሲላት ኖሯል። በመጨረሻ ሽማግሌ ላከ። ሙጬ ነገሩን አልጠሉትም፤ ቀፎዎቹን ራሳቸው ሊያዩ መጡ። ቀፎውን አዩ፣ ቤቱን አዩ፣ በር ላይ ቆሞ መዝጊያውን የሚነካካውን ልየውንም አዩ። ጫኔን ወደ ዛፍ ጥላ ይዘውት ሄዱ።

«ንብህን እንዳረምከው ቤትህንም አርም» አሉት። «ይኼ ነገር ዘር ነው፣ ልጄ። የልጅ ልጆቼ በር ሲነካኩ እንዲያድጉ አልፈልግም።»

ጫኔ ምን ላድርግ ሲል ጠየቃቸው። ሁለት ቀን በሚያስኬድ ቆላ፣ እንዲህ ያሉትን በሰንሰለት አስሮ የሚያኖር ሰው እንዳለ ነገሩት። እህል ከተላከለት ይቀልባል። ከፋሲካ በፊት ልየው ወደዚያ ከሄደ፣ ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ይሆናል። ጫኔ አልተከራከረም። በልጅነቱ በደግ ቃል ያናገሩት ሰዎች ጥቂት ነበሩ፤ «ልጄ» ያሉት ደግሞ እሳቸው ብቻ ናቸው። እሺ አለ።

ለወንድሙ የነገረው እሱ ቀፎ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጦ ነው። ልየው ቀርከሃ መሰንጠቁን አላቆመም። አላለቀሰም፤ አልለመነም። ሠርጉ መቼ እንደሚሆን ጠየቀ። እንጉዳይ ደግ ልጅ መሆኗን ሰው ሲያወራ መስማቱን ተናገረ። የያዘውን ቀርከሃ ሰንጥቆ ከጨረሰ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጨመረ።

«እኔ ስሄድ በሩን ማን ያየዋል?»

ጫኔ ተነሥቶ ሄደ።

የካቲት ገባ። አበባ ከምድር ጠፋ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የጫካ ንብ ይርበውና የሌላውን ማር ሊዘርፍ ይወጣል፤ ይህ በየዓመቱ ያለ ነው። በደህናው ዘመን ቀፎ አፍ ላይ ጥቂት ንቦች ይቆማሉ። እንግዳ ሲመጣ ይተናነቁታል፤ ዘራፊውም ዞሮ ሌላ ይፈልጋል። በዚያ ዓመት ግን በጫኔ ቀፎዎች አፍ ላይ የቆመ አልነበረም። የጫካ ንቦች እንደ ባለቤት ገቡ። ገራሞቹ መንገድ ለቀቁላቸው። ጫኔ የቀፎዎቹን አፍ በእበት አጠበበ፣ ጭስ አጨሰ፣ የቻለውን ያህል ቀፎ አውርዶ ቤት ውስጥ አስገባ። አልሆነም። የተቦጨቀ ሰፈፍ ከየቀፎው ሥር እንደ ዱቄት ተከመረ። በአሥራ አንድ ቀን አርባውም አለቀ። ጫኔ የመጨረሻውን ቀፎ ሲከፍት ጥቂት ንቦች በባዶው ቤታቸው ሲመላለሱ አገኘ። እጁን አስገባ። አሁንም አልነደፉትም።

መንደሩ ቀልዱን አልተወም። «የጫኔ ንብ ለሌባው እግሩን አጥባ አስገባችው» ተባለ።

ከተራራው ማዶ አባ ይስማው የሚባሉ አሮጌ ንብ አናቢ ነበሩ። ጫኔ በልጅነቱ ቀፎ የተሸከመው ለእሳቸው ነው። መንጋ ሊለምናቸው ሄደ። ከሩቅ ሲያዩት ነው ማሾፍ የጀመሩት።

«በባዶ እጁ ማር የሚቆርጠው ሰውዬ መጣ!» አሉ። «በል ተቀመጥ። እጅህማ እንዳማረበት ነው፤ ንቡ ነው የጠፋው።»

ጫኔ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። የሙጬንም ነገር፣ የልየውንም ነገር ሳያስበው አብሮ ነገራቸው። አባ ይስማው ይዘውት ሄደው አንድ ቀፎ አጠገብ አስቀመጡትና ዝም ብለህ እይ አሉት። ብዙዎቹ ንቦች ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ስድስት ሰባት የሚሆኑት ግን ቀፎው አፍ ላይ ቆመዋል። ቅጠል ወደቀ፤ ተነሡ። የደመና ጥላ አለፈ፤ ተነሡ። ጫኔ እጁን ዘረጋ፤ አንዷ ነደፈችው። ሽማግሌው ደስ አላቸው።

«አየህ ድንጋጤዋን? ለዘጠኝ ቅጠል በከንቱ ደንግጣለች። በዘጠኙ ያጣችው ትንሽ ትንፋሽ ነው። አሥረኛውን ግን ቅጠል ነው ብላ ብትተወውና ዘራፊ ቢሆን፣ ቀፎው አለቀ።»

«ሁሉም እንዲህ ቢሆኑስ፣ አባ?»

«ሁሉም ቢቆጡ ማር የለም። አንዷም ባትቆጣ ቀፎ የለም። ገራሟም ቁጡዋም የአንዲት እናት ልጆች ናቸው። አንተ እሾህ የነቀልክ መስሎህ አጥርህን አፈረስክ።»

ጫኔ የተነደፈ እጁን አሻሸ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀ። እዚያ አፍ ላይ የምትቆመዋ፣ ሁልጊዜ የምትደነግጠዋ፣ እሷስ ምን ዕረፍት አላት?

«ዕድሜዋን ሙሉ ማን ያቆማታል?» አሉ አባ ይስማው። «ጥቂት ቀን ትቆማለች፤ ከዚያ ሌላዋ ትተካታለች። የሚተካት ብታጣ ግን የገዛ እኅቷንም መንደፏ አይቀርም።»

ሁለት መንጋ ሰጡት። ገራሙን መርጠው አልሰጡትም፤ ቁጡውንም መርጠው አልሰጡትም። እንዳለ ሰጡት።

ጫኔ ሁለቱን መንጋ በተሸፈነ ቅርጫት ተሸክሞ ተመለሰ። ጀርባው ላይ ሲያጉረመርሙ፣ ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነገር መጣበት። ለሰው ነግሮት አያውቅም። ያፍርበት ነበር።

እናቱም ፈሪ ነበረች። ሰማዩ በጠቆረና ወሬ በተሰማ ቁጥር ዕቃ ትጠቀልላለች። የተወለዱበት መንደር ሰዎች «ጓዟ» ብለው ይጠሯት ነበር። አራት ጊዜ ልጆቿን ይዛ ከቤት ወጥታ፣ ምንም ሳይሆን ቀርቶ፣ ሰው እየሣቀባት ተመልሳለች። አምስተኛውን ጊዜ የወጣችው ጎተራው ገና እህል እያለው ነው። ጎረቤቱ ደጅ ቆሞ ሣቀ። ጫኔም በልጅ ልቡ ከኋላዋ እየሄደ ከነሱ ጋር ሣቀ። ያ ክፉ የረሃብ ዓመት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከሣቁት ሰዎች ቤት ዛሬ የሚጠራ ስም የለም። እሷ ራሷ በመንገድ በሽታ ሞተች፤ ልጆቿ ግን ተረፉ። ጫኔ እናቱ ስትስቅ ያየበትን ቀን ለማስታወስ ሞከረ። አንድ ቀን ብቻ አገኘ። ፍርሃቷ አድኗቸዋል። እሷን ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አላሳረፋትም።

ቤት ሲደርስ ገና ቀትር ነበር። ልየው በሩ ላይ ቆሟል። ጫኔ ቅርጫቱን አውርዶ መድረኩ ላይ ተቀመጠ።

«ዛሬ ተረኛው እኔ ነኝ» አለው። «አንተ ግባና ተኛ።»

ልየው ትክ ብሎ አየው። «ምድጃውንስ ታየዋለህ?»

«አየዋለሁ።»

«የጓሮውንስ በር?»

«አንተ፣ እኛ እኮ የጓሮ በር የለንም።»

ልየው ሣቀ። ገብቶ ተኛ። ሁለት ጊዜ ነቅቶ አንገቱን አወጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጫኔ እዚያው ነበር። በሦስተኛው ከብት እስኪገባ ድረስ ተኛ።

በማግሥቱ ጫኔ ሙጬ ቤት ሄደ። ወንድሜን አልሰድም አላቸው። እሳቸውም ስለ ዘር የነገሩትን አስታወሱት።

«ዘር ነው ያሉት እውነት ነው» አለ ጫኔ። «እኔም የተረፍኩት በዚያው ዘር ነው።»

ሙጬም እንግዲህ ሠርጉ ቀርቷል አሉት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለልጃቸው ፈርተው ነው። ጫኔ ይህንንም አየ፤ ስለዚህ አልተቀየማቸውም። እጅ ነሥቶ ወጣ። እንጉዳይ ከጓዳ ሆና ሁሉን ሰምታለች። ከአባቷ ቃል አልወጣችም።

ልየው አልዳነም፤ ተሻለው። ጫኔ ወደ ሐኪም ወሰደው፤ ሐኪሙ መድኃኒት ሰጠው፣ በየወሩም እንዲያየው ቀጠረው። አሁን ገበያ መሃል የሚቆምበት ቀን አለ፤ ሮጦ የሚመለስበትም ቀን አለ። ጫኔም መልአክ አልሆነም። አንዳንድ ቀን ይሰለቸዋል፤ ይቆጣል፤ ከዚያ ተመልሶ መድረኩ ላይ ይቀመጣል። ልየው ፊቱን ወደ ግድግዳ በሚያዞርባቸው ቀናት አያስነሣውም። ሾርባውን አጠገቡ አስቀምጦ ስለ ንቦቹ ያወራለታል።

ምናልባት ዛሬ ሕመም የምንለው ብዙው ነገር ድሮ ሥራ ነበረው። የሚደነግጥ ልብ ከጅብና ከረሃብ ያተረፋቸው ሰዎች ልጆች ነን። ሰውን አስተኝቶ የሚያስቀረው ሐዘንም፣ አንድ ዘመን፣ አቅሙ ያለቀውን ሰው በከንቱ ከመሮጥ ያስቀረ ይሆናል። ሥራው ሲበዛና የሚተካው ሲያጣ ያሠቃያል። ያን ጊዜ ሕመም ነው፤ ሕመም ደግሞ ይታከማል። እርግማን ግን አይደለም። ሰንሰለትም መድኃኒቱ አይደለም።

በእናንተስ ቤት ሁልጊዜ የሚደነግጠው ማነው? አንድ ቀን እንኳ «ዛሬ ተረኛው እኔ ነኝ» ያለው ሰው አለ?

እንጉዳይን በጥር ሌላ ሰው አገባት። ሙጬ በቀጣዩ ክረምት ዐረፉ፤ አባ ይስማውም ብዙ አልቆዩም። ከደኑ ጥግ ባለው ግቢ የቀሩት ጫኔና ልየው ናቸው።