የሌላ መኪና ፍሬን

አንድ ሰው ነበር። ደሴ ከተማ፣ በግቢው ውስጥ ትንሽ ጋራዥ ያለው መካኒክ። ሚስቱ ቀደም ብላ አርፋለች። አንድ ልጅ ነበረው፤ እሱንም ሕመም ወሰደበት።

ወገኖቼ፣ የሐዘን ቤት የሚከብደው መቼ ነው? ሰው ሞልቶ ሲያለቅስ ነው? አይደለም። ድንኳኑ ሲነሣ ነው። የእድሩ ወንበር ተለቃቅሞ ሲሄድ ነው። ያን ጊዜ የገዛ ቤታችሁ ይሰፋባችኋል።

በዚያ በሰፋ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ቀሩ፤ ይህ አባትና የልጁ ሚስት ፀዳለ። ፀዳለ የአርባ ምንጭ ልጅ ናት። ልጁ ለሥራ ሄዶ እዚያ አገኛትና አግብቶ አመጣት። አባትየው ምራቱን አይጠላትም። ብቻ እንዴት እንደሚያናግራት አያውቅም። ልጁ በሕይወት ሳለ ወሬያቸው ሁሉ በእሱ በኩል ነበር የሚያልፈው። «አባባ ሻይ ይጠጣሉ ወይ በላቸው» ትላለች። «ጠጥቻለሁ በላት» ይላል። ሦስቱም አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው!

አሁን በመካከላቸው ማንም የለም።

ደግሞም ይህ አባት ከቀብሩ ወዲህ የልጁን ስም ጠርቶ አያውቅም። «የልጁ ኮት» ይላል። «የልጁ ክፍል» ይላል። ስሙ ወደ አፉ ሲመጣ ይውጠዋል።

ልጁ የተወው አንድ ነገር ነበር። ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት በር፣ አሮጌ የጣሊያን ስፖርት መኪና። አባትና ልጅ ከወደቀችበት አንሥተው፣ ሞተሯን በጠንካራ ሞተር ቀይረው ነፍስ የዘሩባት ናት። ጉልበቷ ጨመረ፤ ፍሬኗ ግን ያው የድሮው ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ልጁ በማዳበሪያ ከረጢት ከባድ ነገር ተሸክሞ መጣ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ካሊፐር ነው አባባ። ከትልቅ የጃፓን መኪና የተፈታ።»

ካሊፐር ማለት ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ እንደ መዳፍ ጨብጦ መኪናን የሚያቆም ዕቃ ነው።

«የጃፓን ፍሬን ለጣሊያን መኪና? በበሬ ላይ የግመል እግር ልትቀጥል ነው እንዴ!»

«ግመሉ ካቆማት ምን ቸገረን?»

«አይገጥምም! ኦርጅናሏ ይበቃታል።»

ልጁ ሳቀ፤ ከረጢቱንም መደርደሪያ ላይ አኖረው። ከዚያ ታመመ። ከረጢቱን የነካው የለም።

ሙት ዓመቱ ሲያልፍ የፀዳለ እናት «ልጄን መልሱልኝ» ብላ ላከች። ፀዳለም ወደ አባትየው መጥታ፣ እጇን አጣምራ ቆመች።

«አባባ፣ በሚመጣው ሳምንት ልሂድ ብዬ ነው። ልጅዎ መኪናዋ ያንቺ ናት ብሎኝ ነበር። እየነዳሁ እሄዳለሁ።»

«መልካም» አላት።

መልካም! ይህን ቃል ታውቁታላችሁ? ሰው ልቡ ሲሰበር የሚናገረው ቃል ነው። አትሂጂ ሊላት ፈልጎ ነበር፤ አልወጣለትም። «ልጄ ካለፈ በኋላ እኔ ምኗ ነኝ? በምን አፌ እይዛታለሁ?» እያለ ወደ ጋራዡ ወጣ።

እዚያ ቆሞ የሐረጎን ቁልቁለት አሰበ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጠመዝማዛው አያልቅም። ያ አሮጌ ፍሬን ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ይግላል። የጋለ ፍሬን ደግሞ ብትረግጡት አይሰማም። ይህች ልጅ በዚያ መንገድ ብቻዋን ልትወርድ ነው።

ከረጢቱን አወረደው።

አልገጠመም፤ እውነቱን ነበር። የካሊፐሩ የቡሎን ቀዳዳና የመኪናዋ ቀዳዳ አይገናኙም። ስለዚህ ወፍራም ብረት ቆረጠ። በአንድ ወገን ለመኪናዋ በሳው፣ በሌላ ወገን ለካሊፐሩ በሳው፤ ሞረደ፣ ለካ፣ አበላሸ፣ እንደገና ቆረጠ። ፀዳለ በር ላይ ትቆማለች። «አባባ፣ ሻይ።» «አስቀምጪው።» ሻዩ ይቀዘቅዛል። በመጨረሻ ያ መካከለኛ ብረት ሁለቱን ያዘ፤ ቡሎኑ ጠበቀ፤ ጎማውም ሳይነካው ዞረ።

አንድ ሥራ ቀረ። የፍሬን መስመር ሲፈታ አየር ይገባበታል፤ አየር ካለበት ፔዳሉ ሰምጦ ይቀራል። ያንን አየር ማስወጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ውስጥ ሆኖ ይረግጣል፣ አንዱ ሥር ሆኖ የአየር ማስወጫውን ቡሎን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ዕድሜ ልኩን ከልጁ ጋር ነበር የሚሠራው።

የቤቱ በር ላይ ብዙ ቆመ። ከዚያ፣ በማንም በኩል ሳይሆን በራሱ አፍ፣ «ፀዳለ፣ ትንሽ ትረጂኛለሽ?» አላት።

«ምን ላድርግ?»

«ግቢና ተቀመጪ። ርገጪ ስልሽ ትረግጫለሽ፤ ያዢ ስልሽ ትይዣለሽ። ሳልዘጋው እንዳትለቂ። ከለቀቅሽ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል።»

«እግሬ ቢደክምስ?»

«ስደቢኝ፤ ግን አትልቀቂ።»

ሳቀች። በዚያ ግቢ ሳቅ ከተሰማ ቆይቶ ነበር።

መኪናው ሥር ገባ። «ርገጪ!» «ረገጥኩ!» «ያዢ!» «ይዣለሁ!» በቀጭኗ ቱቦ አየሩ አረፋ እየሠራ ወጣ። አንዱን ጎማ ጨርሶ ወደ ሌላው አለፈ። እጁ ሥራውን ያውቀዋል፤ እጁ ሲያውቅ ልቡ ተዘናጋ። የመጨረሻው ጎማ ላይ ሲደርስ፣ ድሮ እንደለመደው ድምፁን ከፍ አድርጎ ተጣራ።

«አለልኝ! ያዝ!»

አለልኝ የልጁ ስም ነበር።

ወገኖቼ፣ ስሙን ስሙት እስቲ። አለልኝ! ሲወለድ እናቱ ደስ ብሏት ያወጣችው ስም። ልጁ ከሞተ በኋላ ግን እንዴት ይጠራል? ስሙ ራሱ ያልሆነውን ይናገራልና። አባትየው ይህን ነበር ሲውጠው የከረመው። አሁን አመለጠው። ቁልፉን እንደያዘ ደረቀ።

ፔዳሉ ግን አልተለቀቀም።

ቆይቶ፣ ከላይ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ። «አለሁልዎ፣ አባባ። ይዣለሁ።»

ያ ሰው እዚያው በጀርባው እንደተኛ አለቀሰ። ዓመት ሙሉ ያላለቀሰውን አለቀሰ። እሷም ከላይ እያለቀሰች፣ እግሯ እየተንቀጠቀጠ፣ «ልልቀቅ እንዴ?» አለችው።

«ቆዪ!» አለ።

ብሎም ቃሉን ራሱ ሰማው። ስንት ጊዜ ፈልጎ ያጣው ቃል በአፉ ውስጥ ነበር። የአየር ማስወጫውን ዘጋ። ከመኪናው ሥር ወጥቶ፣ ፊቱ ዘይትና እንባ ሆኖ በሩ አጠገብ ቆመ።

«ቆዪ፣ ልጄ።»

«ፍሬኑን ነው?»

«ፍሬኑንስ ጨርሻለሁ።»

ከመሪው ቀና ብላ አየችው። «አንድ ቀን እንኳ ቆዪ ብለውኝ አያውቁም እኮ» አለችው። «የሰው ልጅ ሆኜብዎ መስሎኝ ነበር።»

አልቀረችም፤ እናቷን ለማየት ሄደች። ግን አብረው ሄዱ፤ አብረውም ተመለሱ። ሐረጎን ሲወርዱ እሷ ትነዳለች፣ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ በየመታጠፊያው በእግሩ ወለሉን ይጫናል።

«አባባ፣ የቱን ነው የሚረግጡት? እርስዎ ጋ ፍሬን የለም እኮ!»

መኪናዋ ለፀዳለ እግር እየታዘዘች ወረደች።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? በቤታችሁ ውስጥ በሌላ ሰው በኩል ካልሆነ የማታናግሩት ማን አለ? ያ በመካከል ያለው ሰው ቢሄድ ምን ይውጣችኋል? የእኔ ሥጋ አይደለም፣ አይገጥምም ብላችሁ መደርደሪያ ላይ ያኖራችሁት ማን ነው? እውነት ነው፣ እንዲሁ አይገጥምም። መካከለኛው ብረት በሁለት ወገን ተበስቶ የለም? መበሳት ያማል። ፍቅር ግን ሌላ መንገድ የለውም።

ደግሞስ እግዚአብሔር ሐዘንተኛን የሚያጽናናው ሁልጊዜ ከሰማይ በሚወርድ ድምፅ ይመስላችኋል? አንዳንዴ እግሯ እየተንቀጠቀጠ ከያዘች የሰው ልጅ አፍ ነው።

ስሙን መጥራት የፈራችሁት ሙት አላችሁ? ዛሬ ገበታ ላይ ጥሩት። እንባ ይመጣል፤ ይምጣ። ከዚያ ቀና ብላችሁ ፊት ለፊታችሁ የተቀመጠውን ሰው እዩት። እሱም ያንን ስም ከአፋችሁ ለመስማት ሲጠብቅ ኖሯል።