ገደል የገዛው ሞላ

ተረት ተረት! ዛሬ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ የማወራችሁ ስለ ቦታ ነውና «የቤት መሠረት» በሉኝ። እንዲያ ነው። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ።

ድሮ ድሮ፣ ሰው በአሞሌ ጨው ሲገበያይ፣ በአንዲት የገበያ ከተማ ሞላ የሚባል ጎረምሳ ነበር። ስሙ ሞላ ይሁን እንጂ ጓዳው ሞልቶ አያውቅም። ከየኔታ ዘንድ ፊደል ሳይጨርስ ሸሽቶ፣ ገበያ ለገበያ በሸክም አደገ። እግሩ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ዓይኑም እንደዚያው። ማን ከየት እንደመጣ፣ የመጣውስ ምን እንደጎደለው ሞላን ነው የሚጠይቁት። እሱና እናቱ ወይዘሮ የሺመቤት ግን የራሳቸው ጣሪያ አልነበራቸውም። የግራዝማች ወንድይራድን ግድግዳ ተጠግተው ነበር የሚያድሩት።

ግራዝማች የከተማው ባለ ርስት ናቸው። ሽቅብ ቢያዩ የእሳቸው፣ ቁልቁል ቢያዩ የእሳቸው። አንድ ቀን ዝናብ ሲወርድ እናትና ልጁን ከደጃቸው ጥግ አገኟቸውና ተቆጡ። ሞላ ክረምቱ እስኪያልፍ ብቻ እንዲታገሷቸው ለመናቸው።

«ከደጄ ጥፋ» አሉት። «እናትህን ይዘህ ገደል ግባ።»

«የትኛው ገደል፣ ጌታዬ?»

«ያ ከገበያው ሥር ያለው።»

«እሱ የማን ነው?»

«የእኔ ነዋ። የእኔ ያልሆነ ምን አለ?»

«ታዲያ በሰው ገደል እንዴት እገባለሁ? ይሽጡልኝ።»

ግራዝማች እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ገደሉ ጎርፍ የበላው፣ ፍየል እንኳ የማትወርድበት፣ የሞተ ውሻ የሚጣልበት ነበር። ሞላ ገንዘብ የለውም፤ ጀርባ ግን አለው። የበጋውን እህል በሙሉ ከአውድማ ወደ ጎተራ ሊሸከምላቸው ተዋዋሉ። ተሸከመ። ትከሻው ተላጠ። ግራዝማችም በሽማግሌዎች ፊት «ከዋርካው እስከ ቋጥኙ ያለው ገደል የሞላ ነው» ብለው አስረከቡት።

እናቱ አዘኑ። «ልጄ፣ ሰው ቤት ይገዛል፤ አንተ ቀዳዳ ትገዛለህ?»

ሞላ ግን ሌላው ያላየውን አይቷል። የጨው ነጋዴዎች ከነአህዮቻቸው እየመጡ፣ ማደሪያ አጥተው ሲንከራተቱ ያያል። ከዚያ ገደል ይበልጥ ለገበያው የሚቀርብ ቦታ ደግሞ አልነበረም። ከቋጥኙ ሥር ጎጆ ቢጤ ቀልሶ ሥራውን ጀመረ።

በመጀመሪያው ዓመት የከተማው ሴቶች አመዳቸውን ሩቅ ወስደው እንዳይደክሙ፣ ገደሉ ውስጥ እንዲደፉለት ለመናቸው። መርቀውት ደፉ። ግራዝማች በበቅሎ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ሞላ፣ ሞላ?»

«አልሞላም፣ ጌታዬ። ይሞላል።»

በሁለተኛው ዓመት ግንበኞቹን ተለማመጠ። የፈረሰ ግንብ ሁሉ፣ የተሰበረ ድንጋይ ሁሉ ወደ ሞላ ገደል። ግራዝማች አለፉ።

«ሞላ፣ ሞላ?»

«አልሞላም፣ ጌታዬ። ይሞላል።»

በሦስተኛው ዓመት በዚያ ድንጋይ ከገደሉ ግርጌ ካብ ካበ። ክረምት ገባ። ጎርፉ የተራራውን አፈር ይዞ እየጮኸ ወረደና ካቡን ገጨው። ካቡ ተንገዳገደ እንጂ አልወደቀም። ውሃው አለፈ፤ አፈሩ ቀረ። ጎርፉ በመጣ ቁጥር ውሃው ያልፋል፤ አፈሩ ይቀራል። መስከረም ሲጠባ ሞላ የጨው ነጋዴዎቹን ጠርቶ በነጻ እንዲያድሩ ነገራቸው። አህዮቻቸው ሲረግጡት፣ ሲረግጡት፣ አፈሩ ጠነከረ። ግራዝማች በበቅሎ መጡ። አሁን አልጠየቁም።

«ሞላ፣ ጌታዬ» አለ ሞላ።

ከዚያ አንዲት ክፍል በጭቃ ሠርቶ ለጨው ነጋዴ አከራየ። ኪራይዋን አልበላትም፤ ሁለተኛዋን ሠራባት። በሁለቱ ኪራይ ሦስተኛዋን ሠራ። አራተኛዋን ለእናቱ ሠራ። እሱ አሁንም ሸክሙን አልተወም፤ ገመዱን በትከሻው እንዳንጠለጠለ ነው።

ግራዝማች ግን እንቅልፍ አጡ። በገበያ ቀን፣ ዋርካው ሥር፣ ከዳኛው ፊት ሞላን ከሰሱት። ከተረታሁ ለሞላ ይሁን ብለው ካባቸውን አስያዙ። በቅሏቸውን አስያዙ። ሰው ሲበዛና ልባቸው ሲሞቅ ሱሪያቸውንም አስያዙ።

«የሸጥኩት ገደል ነው» አሉ። «እዚህ ገደል የሚያየው ማን ነው? ይኼ ሜዳ ነው። እኔ ሜዳ አልሸጥኩም።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ዳኛው ሽማግሌዎቹን ጠየቁ፤ ሽማግሌዎቹም ዋሽተው አያውቁምና፣ የተባለው «ገደል» እንደሆነ መሰከሩ። ወይዘሮ የሺመቤት የቤታቸውን መቃን ጨብጠው ቆመዋል። ሞላ እናቱን አየ፤ ያንን ግድግዳ፣ ያንን ዝናብ አሰበ። ከዚያ ወደ ፊት ወጣ።

«ግራዝማች እውነታቸውን ነው» አለ። «ገደሉ የእኔ ነው። ሜዳውም የእሳቸው ይሁን። ብቻ ሜዳቸውን ከገደሌ ላይ ያንሡልኝ።»

ገመዱን ከትከሻው አውርዶ ዘረጋላቸው። «መሸከሚያ ካጡ ላውስዎ።»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ራሳቸው ጢማቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ግራዝማችን፣ ገደሉን ሸጠዋል ወይ ብለው ጠየቁ። ሸጫለሁ አሉ። እንግዲያው ሜዳዎን ይዘው ይሂዱ፣ ካልቻሉ ግን የተጫነው ሁሉ ለባለ ገደሉ ነው ብለው ፈረዱ።

በቅሎዋ ሄደች። ካባው ወለቀ። ወደ ሱሪው ሲመጡ ሞላ እጁን አነሣ።

«ሱሪው ይቅርብኝ። ገደል አይሞላልኝም።»

ግራዝማች በእጀ ጠባብና በሱሪ ብቻ፣ በእግራቸው ወደ ቤታቸው አቀኑ። ብዙም ሳይርቁ ዝናቡ ወረደ፣ ያውም በበረዶ። ቀኝ አሉ፣ ግራ አሉ። የሚያስጠልል ቢያጡ ከአንድ ደጅ ጥግ ተለጠፉ። የሞላ ደጅ ነበር። ወይዘሮ የሺመቤት በሩን ከፈቱ። አዩአቸው።

«ይግቡ እንጂ፣ ግራዝማች» አሏቸው። «ያው ገደል ነው።»

ግራዝማችም ገደል ገቡ።

የናቁት ያደርጋል ራቁት የተባለው ለዚህ ነው፣ ልጆቼ። እንግዲህ ተረቴን መልሱ፤ አመዳችሁንም ለሞላ አፍስሱ።