ሳትጠይቅ የፈታችው ፋሻ

አንዲት ሴት ጠረጴዛ ላይ አጎንብሳ ፎርም ትሞላለች። ዕድሜ፦ አርባ ሁለት። ሥራ፦ ነርስ። የትምህርት ደረጃ፦ ዲፕሎማ። የሥራ ልምድ የሚለው ጋ ስትደርስ እስክሪብቶዋን ጫን አድርጋ ጻፈች፦ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት።

ፎርሙ የኮሌጅ ማመልከቻ ነው። ቅዳሜና እሁድ ብቻ እየተማሩ በአራት ዓመት የነርስነት ዲግሪ የሚያዝበት ፕሮግራም አለ። ይህች ሴት ከምትሠራበት ጤና ጣቢያ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፋለች። ከድሮ ትምህርት ቤቷ ትራንስክሪፕቷን አስልካለች። የመግቢያ ፈተናውንም ወስዳ አልፋለች። የቀራት ቃለ መጠይቅ ብቻ ነው።

ስሟ ሲስተር የሺመቤት ነው። የምትኖረው ቆላ ውስጥ፣ ሽንኩርት በመስኖ በሚመረትባት አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ኮሌጁ ያለው ደግሞ ደጋ ላይ፣ በሚኒባስ ሁለት ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ ቦታ ነው።

ቃለ መጠይቁ ላይ ሦስት መምህራን ተቀምጠው ጠበቋት። አንዷ ጠየቀቻት፦ «ሲስተር፣ ይህን ያህል ዓመት ሠርተሻል። ምን ልትማሪ ነው የመጣሽው?»

ምን ብላ የመለሰች ይመስላችኋል? እውቀቴን ላዳብር? ወገኔን ላገለግል? የለም!

«እውነቱን ልንገራችሁ?» አለች፤ «ሥራውንማ ዐውቀዋለሁ። የመጣሁት ለወረቀቱ ነው።»

መምህራኑ ሳቁ። ተቀበሏትም።

አትፍረዱባት። ሥራውን ዐውቀዋለሁ ስትል ውሸቷን አይደለም። ሌላው ሦስት ጊዜ ወግቶ ያጣውን የደም ሥር እሷ አንዴ ዳብሳ ታገኘዋለች። ቁስል ስታጥብ እጇ ቀላል ነው። ጤና ጣቢያው ደጃፍ የተሰለፈው ሰው ሁሉ «አምላኬ፣ እባክህ በእሷ እጅ ጣለኝ» እያለ ነው የሚጠብቀው። ባለቤቷ ደርቤማ ጎረቤት በጠየቀው ቁጥር «የእኔዋ እኮ አስተማሪዎቹን ታስተምራቸዋለች» እያለ ደረቱን ይነፋ ነበር።

እንግዲህ ትምህርቱ ተጀመረ። ቅዳሜ ሲነጋ በመጀመሪያው ሚኒባስ ትወጣለች። እሁድ ማምሻውን ትመለሳለች። ሰኞ ጠዋት ነጭ ጋውኗን ለብሳ ሥራዋ ላይ ናት። ክፍል ውስጥ ከአጠገቧ የሚቀመጡት ልጆቿ ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው። እንግሊዝኛው ሲከብዳት እነሱ ያስረዷታል፤ ሥራው ሲከብዳቸው እሷ ታሳያቸዋለች። በጽሑፍ ፈተናው መካከለኛ ውጤት አመጣች። የተግባር ፈተናው ሲደርስ ግን ለእሷ የሰጋ ሰው አልነበረም። እሷም ለራሷ አልሰጋችም።

የተግባር ፈተናው ምን መሰላችሁ? አልጋ ላይ የላስቲክ ሰው ተጋድሟል። እግሩ ላይ ቁስል ተሠርቶለት በፋሻ ተጠቅልሏል። ፋሻውን ፍቺ፣ ቁስሉን እጠቢ፣ መልሰሽ እሸጊ። በቃ።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ የሠራችውን ሥራ!

ፈታኙስ ማን ነበር? መምህር ናሁሰናይ። ይህ ልጅ ከስምንት ዓመት በፊት፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ ለልምምድ እሷ ጤና ጣቢያ ተመድቦ ነበር። እጁን ይዛ መርፌ ያስወጋችው እሷ ናት። ስታየው ፊቷ ፈካ።

«አንተ ናሁሰናይ! እንዲህ ጎልማሳ ሆንክ?»

«እንዴት ነዎት ሲስተር» አላት አንገቱን ሰበር አድርጎ። «ሲዘጋጁ ይጀምሩ።»

ጀመረች። እጇን ታጠበች። ጓንት አጠለቀች። ፋሻውን ፈታች፣ ቁስሉን አጠበች፣ አዲስ ጎዝ አኖረች፣ አሸገች። እንደዚያ ያለ ንጹሕ ሥራ በዚያ ክፍል ታይቶ አይታወቅም። ጨርሳ ወገቧን ይዛ ቆመች።

ናሁሰናይ ወረቀቱን አየ። እሷን አየ። ከዚያ እንደገና ወረቀቱን አየ።

«ሲስተር፣ አላለፉም።»

«ማን? እኔ?»

«እጅዎ ላይ ምንም ስሕተት የለም። ነገር ግን ሕመምተኛውን ሰላም አላሉትም። ማን እንደሆኑ አልነገሩትም። ስሙን አልጠየቁትም። ምን ሊያደርጉት እንደሆነ አላስረዱትም። ፈቃዱንም አልጠየቁም። እነዚህ አምስቱ ግዴታ ናቸው። እነሱ ከጎደሉ የቀረው አይያዝም።»

«ናሁሰናይ፣ ይሄ እኮ ላስቲክ ነው! ላስቲክን ማን ትባላለህ ልበለው?»

«ዐውቃለሁ ሲስተር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድጋሚ ፈተና አለ። እሱን እባክዎ እንዳይወድቁ። ሁለተኛ የወደቀ ከፕሮግራሙ ይሰረዛል።»

ወገኖቼ፣ በዚያች ሚኒባስ ውስጥ እንዴት ሆና እንደተመለሰች ልንገራችሁ? ተናድዳለች። አፍራለች። ሰው ምን ይለኛል ትላለች። ያን ሁሉ ደብዳቤ ያጻፈችው፣ ያን ሁሉ ቅዳሜ በጨለማ የተነሣችው ለዚህ ነው? መርፌ ያስያዘችው ልጅ ላስቲክ አላናገርሽም ብሎ ጣላት ሲባል ጤና ጣቢያው ውስጥ ስንት ሰው ይስቃል?

ቤት እንደገባች ለባሏ የሆነውን ሁሉ ነግራ «ትቼዋለሁ» አለችው።

ደርቤ የሚያባብል ሰው አይደለም። «አምስት ነገር ነው አላሉሽም?» አላት። «አምስት ነገር ልጅም ይሸመድዳል። ሸምድጂውና ተገላገይ።»

እሷም በዚሁ ተኛች።

ሰኞ ጠዋት ወደ ቁስል ማጠቢያ ክፍሏ ገባች። ሰልፉ እንደ ወትሮው ረጅም ነው። መጀመሪያ የገቡት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ያለው ቁስል አልድን ብሏቸው ሁለት ወር ሙሉ በየሁለት ቀኑ ተመላልሰዋል። ስማቸው ካርዱ ላይ አለ። ነገር ግን በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ነርሶቹ ሁሉ «የቁርጭምጭሚቱ ሽማግሌ» ነው የሚሏቸው።

የሺመቤት በልቧ «በሉ እንግዲህ፣ በእኚህ ልለማመድ» አለች።

አስተውሉልኝ! ለሽማግሌው አዝና አይደለም። ለፈተናው ነው። እንዲያውም ግማሹ እልህ ነው። ሌላ ቀን ገና ሳይቀመጡ ፋሻውን መፍታት የምትጀምረው ሴት፣ ዛሬ እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ ፊታቸው ቆመች።

«ጤና ይስጥልኝ አባቴ። ሲስተር የሺመቤት እባላለሁ።»

ሽማግሌው ዞር ብለው ከኋላቸው ተመለከቱ። ሌላ ሰው የገባ መስሏቸው ነው።

«ስምዎን ማን ልበል?»

«እኔን ነው? ወንድይፍራው። ወንድይፍራው አጥናፌ።»

«አቶ ወንድይፍራው፣ አሁን ፋሻውን ፈትቼ ቁስሉን አጥብልዎታለሁ። ትንሽ ያቃጥልዎት ይሆናል። ልፍታው?»

ሽማግሌው ዝም አሉ። እሷም ዝም አለች፤ የፈተናው ዝርዝር መልሱን ጠብቂ ይላልና። ዝምታው ሲረዝምባት ቀና ብላ አየቻቸው። ዐይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ልጄ፣» አሉ፣ «ሁለት ወር ይሄን እግር ስትፈቺው ስታስሪው አንድ ቀን ልፍታው ብለሽኝ አታውቂም። ከጠየቅሽኝ አይቀር አንድ ነገር ልንገርሽ?»

«ይንገሩኝ አባቴ።»

«ሁልጊዜ ውኃ አያስነኩት ትይኛለሽ። እኔም እሺ እልሻለሁ። ግን ልጄ፣ እኔ እኮ የሽንኩርት ማሳ ውኃ አጠጪ ነኝ። ከዚህ ወጥቼ በቀጥታ የምሄደው ወደ ቦዩ ነው። ውኃው እስከ ጉልበቴ ይመጣል። እስከ ማታ እዚያው ውስጥ ነኝ።»

«ምነው ታዲያ እስከ ዛሬ ሳይነግሩኝ?»

«መቼ ልንገርሽ? አንቺ ትቸኩያለሽ፣ ሰልፉ ይረዝማል። እውነቱን ብነግራት ትቆጣኛለች፣ ከእንግዲህ አይምጡ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ደግሞም አልጠየቅሽኝ።»

ሁለት ወር! ያ ሁሉ መድኃኒት፣ ያ ሁሉ ጎዝ፣ ያ ሁሉ ቀላል እጅ ከበሩ እንደወጣ ቦይ ውስጥ ይገባ ነበር። እሷም ቁስሉ ለምን አይድንም ብላ መድኃኒት ትለውጥ ነበር። የሚለወጠው ሌላ ነገር ሆኖ!

የሺመቤት በርጩማው ላይ ተቀመጠች። አፈረች። ናሁሰናይ ፊት ካፈረችው ይልቅ አሁን አፈረች። ይህኛው ኀፍረት ግን አላናደዳትም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አቶ ወንድይፍራው» አለች። ከዚያ ፋሻውን ፈታች።

አጥባ አሽጋ ስትጨርስ ወረቀት አወጣችና ለማሳው ባለቤት ጻፈች፦ እኚህ አባት ቁስላቸው እስኪድን ውኃ ውስጥ መቆም የለባቸውም፤ ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ይሰጣቸው። ደብዳቤውን ራሳቸው ይዘውት ሄዱ። ባለማሳው ክፉ ሰው አልነበረም። እሱንም ማንም ነግሮት አያውቅም ነበር። መጋዘን ውስጥ ሽንኩርት እንዲለዩ አደረጋቸው።

እሷስ በዚያው አቆመች? ቀጥላ የገባችውንም ሴት ጠየቀች። ከዚያ በኋላ የገባውንም ጠየቀች። ሰልፉ ዘገየ ወይ? አዎ፣ ዘገየ። ውጭ ያሉት አጉረመረሙ። የራሳቸው ተራ ሲደርስ ግን ያጉረመረመ የለም።

ሁለተኛው ቅዳሜ ደረሰ። ያው ክፍል፣ ያው አልጋ፣ ያው ፈታኝ። ወጣቶቹ ተማሪዎች በሩ ላይ ተደራርበው ያያሉ። ብትወድቅ ዛሬ የመጨረሻ ቀኗ ነው።

የሺመቤት የላስቲኩ ሰው ራስጌ ቆመች። ሰላም አለችው። ስሟን ነገረችው። ስሙን ጠየቀችው። ከበሩ በኩል ሳቅ ተሰማ፤ ዞራ አላየችም። ምን ልታደርገው እንደሆነ ቀስ ብላ አስረዳችው።

«ልፍታው?»

ከእሷ በፊት የተፈተኑት «ልፍታው?» ሲሉ እጃቸው ቀድሞ ፋሻው ላይ ነበር። የእሷ እጅ ግን ከጎኗ አልተነሣም። ቆማ መልስ ትጠብቃለች። ሳቁ ቆመ። አሁንም ትጠብቃለች።

ናሁሰናይ ጉሮሮውን ጠረገ። ስለ ላስቲኩ ሰው ሆኖ «እሺ ሲስተር፣ ይፍቱት» አለ።

ፈታችው። አለፈችም።

የአቶ ወንድይፍራው እግርስ? ትሉኛላችሁ። ወር ሳይሞላ የቁስሉ ጠርዝ መሰብሰብ ጀመረ። ከዚያ ደረቀ። አሁን ሁለቱንም ጫማ አድርገው ነው የሚሄዱት።

እንግዲህ ወደ እኛ እንምጣ። ይህን የነገርኳችሁ ነርሶች ብቻ እንዲሰሙት ነው? ከመካከላችሁ ነርስ የሆናችሁ እጃችሁን አውጡ ብል ስንት እጅ ይወጣል? ሦስት? አራት? ታዲያ የቀረነው በነፃ ልናመልጥ ነው?

በትዳር ስንት ዓመታችሁ? ዐሥር? ሃያ? «ሥራውንማ ዐውቀዋለሁ» የምትሉ አይደላችሁም? አስቤዛው ይገባል፣ ኪራዩ ይከፈላል፣ ምሳው ሰዓቱን ጠብቆ ይቀርባል። እጃችሁ ላይ ስሕተት የለም! ግን አጠገባችሁ የምትተኛዋን ሴት እንዴት ነሽ ብላችሁ መልሷን የጠበቃችሁት መቼ ነው? ልጃችሁን ትምህርት ቤት መርጣችሁ፣ ጓደኛ መርጣችሁ፣ ሙያ መርጣችሁ ስትሰጡት አንድ ቀን ፈቃዱን ጠይቃችሁታል? ይሄ ልጅ ለምን አይሰማኝም ትላላችሁ። እሱማ እሺ ይላችኋል፤ እሺ ብሎ ወጥቶ የት እንደሚገባ አታውቁም።

በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ምጽዋት ለምትጠይቀው እናትም ስትገቡ ስትወጡ ትሰጣላችሁ። ስጡ፤ መልካም ነው። ግን ስሟን የምታውቁ አላችሁ? እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። ይህችን የነርስ ታሪክ ከሰማሁ በኋላ ነው ሄጄ የጠየቅኳት። ስሟን ነግራኝ ብቻ አላበቃችም፤ አንድ ሰዓት ሙሉ አስቀመጠችኝ።

ጌታችን ዕውሩን ዐይኑን ከማብራቱ በፊት ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ ጠየቀው። ሰውዬው የሚፈልገውን አላወቀም ነበር? ያውቅ ነበር እንጂ! ልብና ኩላሊትን የሚመረምር አምላክ ከጠየቀ፣ እኛ ምን ያህል ብናውቅ ነው የማንጠይቀው?

አንዳንዶቻችሁ «ልቤ ውስጥ ሳይኖር በአፌ ብጠይቅ ግብዝነት አይሆንብኝም?» ትሉ ይሆናል። ስሙኝ! የሺመቤትም በዚያ ሰኞ ጠዋት ልቧ ውስጥ አልነበረም። ልቧ ውስጥ የነበረው ፈተናና እልህ ነው። አፏ ጠየቀ፤ ሰውዬው መለሱ፤ ልቧ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልባችሁ እስኪሞቅ አትጠብቁ። ጀምሩት። እርግጠኛ ሆኜ እነግራችኋለሁ፣ ይመጣል።

ስለዚህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ምሳው ከመቅረቡ በፊት፣ አንድ ሰው መርጣችሁ ጠይቁ። ብዙ አይደለም፣ አንድ ሰው። ጠይቃችሁም ዝም በሉ። በችኮላ እናንተው አትመልሱለት። መልሱ ወዲያው ካልመጣ አትዘኑ፣ ጥያቄው ከንቱ ሆነ ብላችሁም አትነሡ። ዓመታት ሳይጠየቅ የኖረ ሰው፣ የተጠየቀው እሱ መሆኑን እስኪያምን ጊዜ ይወስድበታል። ጠብቁት።