የቀለም ምርኩዝ

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ አይደለም፣ አስፋልት ከገባ በኋላ ነው፣ በአንዲት የደጋ ከተማ ደምረው የሚባል ሰው ነበር። ሥራው መንገድ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ከአስፋልቱ ሥር የውሃ ቧንቧ አለ፣ የመብራት ገመድ አለ፤ ቆፋሪ መጥቶ እንዳይበጥሰው ደምረው ቀድሞ ይሄድና በውሃው ላይ ሰማያዊ፣ በመብራቱ ላይ ቀይ መሥመር ይረጫል። ቀላል ነው የምትሉ እስቲ እንደ ጤፍ አራሚ ጎንበስ ብላችሁ ዋሉ! ደምረው ሲያጎነብስ ኖሮ ወገቡ ተያዘ፣ ቀና ማለት እምቢ አለው። ሚስቱ አስካለ በቅቤ አሸችው፣ ጠበል አስጠመቀችው፤ ወይ ፍንክች!

የሚኖሩት በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ባለች ቤት ነው። ቤቷ ከሥራው ጋር የምትሰጥ ናት፤ ደምረው ካልሠራ ቤትም የለ። ሦስት ልጆች ነበሯቸው፣ ሦስቱም ይህንን ያውቃሉ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባል የለ? ሦስቱ በመልክም በጠባይም አይገናኙም፤ አባታቸውን በመውደድ ግን አንድ ነበሩ።

ትልቁ ይርዳው የጋራዥ በያጅ ነው። እንደ ሙሽራ እየጠረገ የሚይዛት ብስክሌት ነበረችው። አንድ እሁድ ፈታታት። ቱቦዎቿን ቀጣጥሎ ረጅም ዘንግ አወጣ፤ ከታች የሚረጨውን የቀለም ጣሳ ዘቅዝቆ የሚይዝ ቀለበት በየደበት፤ ከላይ የፍሬኑን እጀታ ገጠመበት። እጀታውን ጨበጥ ሲያደርጉት ሽቦው ይስባል፣ የጣሳው አፍ ይጫናል፣ ቀለሙ ፊስስ ብሎ መሬት ላይ ያርፋል። ጎንበስ የለ፣ ምን የለ! ብቻ ያን ቀን የጋራዡ ጌታ የብየዳውን መነጽር ቆልፎበት ሄዶ ነበር። እናቱ «ነገ ይደርሳል ልጄ» ብትለው «አባዬ ነገም ሊያጎነብስ ነው?» አላትና ያለ መነጽር በየደ። ፍንጣሪው ቀኝ ዐይኑን ወሰደው። ጌታውም «በአንድ ዐይን ብየዳ አላሠራም» ብሎ አባረረው። ደምረው ዘንጉን ተቀብሎ ሳመው፤ «ምርኩዜ» ብሎ ስም አወጣለት፤ የልጁን ፊት ቀና ብሎ ማየት ግን አልቻለም።

ምርኩዙ ወገቡን ቢያሳርፍለትም እግሩን አልቀጠለለትም። መንገዱ ረጅም፣ እሱ ደካማ። ሁለተኛዋ ትሁኔ መምህራን ኮሌጅ ልትገባ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበር፤ አባቷን መሀል መንገድ ላይ ተንበርክኮ ያየችው ዕለት ሻንጣውን ፈታችው። ከዚያ ወዲያ አባትየው ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ በጣቱ ያሳያታል፣ እሷ ትረጫለች። አለቆቹ አይተው እንዳላዩ አለፉ፤ ሥራው ከተሠራ ምን ቸገራቸው! ትሁኔን ለልጃቸው ያጯት ሰዎች ግን አላለፉም። «አስፋልት ስትሞነጭር የምትውል ምራት አንፈልግም» ብለው ቃላቸውን አፈረሱ። ትሁኔ «ይቅር፣ ጥንቱንም አልወደድኩት» አለች። አስካለ ልጇ ትራስ ነክሳ ስታለቅስ ሰምታታለች፤ ወዳው እንደነበር ታውቃለች።

ትንሹ አንዳርጌ ደግሞ የሰፈሩ ወጣቶች አውራ ነው። ለቤቱ ይህን አደረገ የሚባል ነገር አልነበረውም። እህቱ «አንተ ለታቦት እንጂ ለሰው አልተፈጠርክም» እያለች ትተርበዋለች፤ እሱ ይስቃል።

እንግዲህ የከተራ ዕለት አንዳርጌ ጓደኞቹን አሰልፎ ታቦት የሚያልፍበትን መንገድ በኦሞና በመጥረጊያ ፈተገ። እንኳን አፈሩ፣ የአስፋልቱ ጥቁረት ሳይቀር ሊለቅ ነበር! እህቱ በፊተኛው ቀን ረጭታ የዋለችው ቀይ መሥመር ላይ ሲደርሱ አንዱ «ይህስ?» አለው። አንዳርጌ «ታቦት በተሞነጨረ መንገድ አያልፍም፤ ከበዓል በኋላ ይረጩታል» አለ። ፈተጉት። የደብሩ ቄስ «ተባረኩ» አሉ። ክፋት አልነበረውም፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በቦታው ቢሆን ያንኑ ያደርግ ነበር።

ትሁኔ መንገዱ ጸድቶ ስታየው ደነገጠች። ቤት ሮጣ ምርኩዙን ብታነሳ ሽቦው ተበጥሷል። «ይርዳው፣ ቶሎ ሥራልኝ!» ይርዳው ሊነሳ ሲል አስካለ ተቆጣች፦ «ነውር ነው! ታቦት ወጥቶ ብረት ይቀጠቀጣል?» ይርዳው ተመልሶ ተቀመጠ። ትሁኔም ጎንበስ ብላ በእጇ መርጨት ትችል ነበር፤ ለቆፋሪዎቹ አለቃ መንገርም ትችል ነበር። ግን ከስንት ጊዜ በኋላ የሀገር ልብሷን ለብሳ እንደ እኩዮቿ ልትዘፍን ነው። «በጥምቀት ማን ይቆፍራል?» አለችና ወጣች።

ቆፈሩ። የጥምቀት ማግሥት፣ የሚካኤል ታቦት ገና ደጅ ሳለ፣ የቸኮለ ኮንትራክተር ማሽኑን አስነሳ። ደምረው ድምፁን ሰማ። ባዶ ምርኩዙን ተደግፎ እየተንገዳገደ ወጣና «ቁም! መብራት አለ! ቁም!» እያለ አወዛወዘው። ማን ይስማው? ማሽኑ ገመዱን በጠሰ። የጉድጓዱ አፍ ተናደና ደምረው ከነምርኩዙ ወደቀ፤ ብረቱ ገመዱን ነካ። ሰው ሁሉ «እሪ!» እያለ ወደኋላ ሲሸሽ፣ ከታቦቱ ፊት ሲጨፍር የነበረው አንዳርጌ ሰዉን ሰንጥቆ ጉድጓዱ ውስጥ ዘለለ። ምርኩዙን በባዶ እጁ ከአባቱ ላይ መነጨቀው። አባቱን ተሸክሞ ሲወጣ ቀኝ እጁ ከስሎ ነበር፤ ሐኪሞቹ ጣቶቹን ማትረፍ አልቻሉም።

ደምረው እስከ ማታ ቆየ። ልጆቹ ዙሪያውን ከበውታል። ነፍሱ መለስ ስትል የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መሥመሩን ማን አጠፋው?»

አንዳርጌ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ታቅፎ ሊናገር አፉን ከፈተ። አስካለ ቀደመችው፦ «ዝናብ ነው፣ ደምረው።»

በጥር ዝናብ! ደምረው ሚስቱን አያት፤ በዚያው አሸለበ።

ከአርባው በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አስካለን አስጠራት። በዚያ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በሥራ ላይ ከሞተ ከልጆቹ አንዱ ይተካል፤ ቤቱም ለተተካው ይጸናል። «አንድ ልጅ ይምረጡ፣ እናቴ» አላት። «እስከ ሰኞ። አለበለዚያ ቦታው ለውጭ ሰው ይሰጣል፣ ቤቱንም ታስረክባላችሁ።»

አስካለ ልጆቿ ተመካክረው አንዱን የሚያወጡ መስሏት ነበር። ምስኪን!

«በዚህ እጅ ፍሬን አይጨበጥም» አለ ይርዳው ወደ አንዳርጌ እያየ። «እኔ ለዚያ ምርኩዝ ዐይኔን ሰጥቻለሁ። በየትም ጋራዥ ሠራተኛ ብዬ ብገባ ያስወጡኛል። ከዚህ ሌላ ምን እንጀራ አለኝ?»

«ምርኩዝ መሥራት ሌላ፣ ይዞ መዋል ሌላ» አለች ትሁኔ። «ዛሬ አባዬን ተክቶ የሚወጣ ማን አለ? ሥራውን ስሠራ የኖርኩት እኔ ነኝ። ትምህርቴንም ትዳሬንም የበላው አስፋልት ነው፤ አሁን ደግሞ ውጪ ልትሉኝ ነው?»

«እናንተ የሰጣችሁት ሥራውን ይዞ እንዲቆይ ነው» አለ አንዳርጌ። «እኔ ከሞት አፍ አውጥቼዋለሁ። ጉድጓድ ውስጥ ሳይቀር በእናቴ እጅ ላይ ያረፈው በእኔ ነው። እናንተ ሌላ ሥራ ትለምዳላችሁ፤ እኔን በአንድ እጄ ማን ይቀጥረኛል?»

«ሞት አፍ ውስጥ ያስገባውስ ማን ሆነና ነው!» ጮኸች ትሁኔ። «መሥመሩን ያጠፋኸው አንተ!»

«አንቺስ መጥፋቱን አይተሽ አልጨፈርሽም?»

«ተዪው» አለ ይርዳው። «የታቦት መንገድ አጣቢ!»

«አንተ ነህ ብረት ያስጨበጥከው!» አለ አንዳርጌ። «እንጨት ቢሆን ኖሮ አባቴ ዛሬ በሕይወት ነበር።»

ይርዳው ተነሳ። በአንድ ዐይኑ እናቱን አያት እንጂ ወንድሙን አልመታም። «ሽቦውን ልሠራ ስነሳ ማን ነበር ያስቀመጠኝ?» አላትና በሩን በርግዶ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስቱ በአንድ መሶብ አልቀረቡም። የተመረጠው ቤቱን ሲረከብ ሁለቱ እንደሚወጡ፣ ለቅሶ ካልሆነ በቀር እንደማይመለሱ፣ ሦስቱም በየተራ ምለው ነገሯት። አንዱን ሰጥታ ሁለት ልትቀብር ነው ማለት ነው።

አስካለ ለንስሐ አባቷ ብትነግራቸው «እግዚአብሔር ይግለጽልሽ» አሏት። ጎረቤት ብትጠይቅ ግማሹ «ዐይን ያህል ነገር!» አለ፤ ግማሹ «የሠራ ይብላ» አለ፤ ሌላው «እሳት ውስጥ የገባ ይበልጣል» አለ። ሰኞ ነጠላዋን ተከናንባ ብቻዋን ሄደች። በመንገድ ላይ ሦስቱንም ስም አንድ በአንድ በአፏ ሞከረችው፤ አንዱን በጠራች ቁጥር የሁለቱ ፊት እየመጣ አንገቷን ያስደፋታል።

ኃላፊው ወንበር ሰጣት። «እሺ እናቴ፣ ማን ይሁን?»

እንግዲህ አድማጮቼ፣ ፍርዱ ወደ እናንተ መጥቷል። «ሦስቱም ይገባቸዋል» ብላችሁ እንዳታመልጡ፤ ቦታው አንድ ነው። «ሦስቱም በድለዋል» ብላችሁም እንዳታመልጡ፤ ያን ጊዜ ቤቷን ባዕድ ይወስዳታል፣ አስካለም ከነልጆቿ ጎዳና ትወጣለች። አባቱን ቀና ያደረገው ነው፣ በአባቷ ፋንታ የዋለችው ናት፣ ወይስ አባቱን ከእሳት ያወጣው? በሉ፣ በአስካለ አፍ ተናገሩ፦ የደምረው ቦታ ለማን ይገባል?