ዘፈኑን ማን አወቀ?

ተረት ተረት ስልሽ «የላም በረት» ማለቱን ተይና ጻፊ!

አያ አህያ የሚወደው፣ እያንጎራጎረ «ዘፈኑን እወቁልኝ» የሚልበት ጨዋታ ተረስቶበት ከርሞ፣ ዘንድሮ ጫጩቶችንና አሮጊቷን ኤሊ ሰብስቦ እንደገና ሜዳው ላይ ጀመረው። ዛሬም የሚያውቅ ከጠፋ ሊተወው ነው።

የድሮ ዘፈን አንጎራጎረ። ጫጩቶቹ «ጋሼ፣ ሆድዎን አመመዎት እንዴ?» አሉት።

የዘንድሮውን ሲሞክር ደግሞ አሮጊቷ ኤሊ «ውይ ልጄን! ማን ሞተብህ?» አለችው።

አህያ እንባው መጣ። ይሄኔ ከጫካው «አውውው!» የሚል ዜማ ተሰማ።

«አያ ጅቦ!» አሉ ጫጩትም ኤሊም ባንድ አፍ። ሁሉም እግሬ አውጪኝ አለ፤ ኤሊ እንኳ ሮጠች!

አህያም ከፊት ከፊት እየጋለበ፣ «ልክ! ሁላችሁም ልክ ናችሁ!» እያለ በደስታ ያናፋ ነበር።

ተረቴን መልሺ፣ የደከመ ጣትሽን አሺ።